ማርስ ላይ ሰው ቢኖር ማን ያቆርበዋል? ጥያቄና መልስ

ነገሩን የጀመረው አንድ የስምንት ዓመት ልጅ ነው። ሰንበት ትምህርት ቤት ስለ ሥነ ፍጥረት እያስተማርኩ ነበር። ረቡዕ ፀሐይ፣ ጨረቃና ከዋክብት ተፈጠሩ ብዬ ሰሌዳው ላይ ስጽፍ ከኋላ እጁን አወጣ። «ማርስ ላይ ሰው ካለ ማን ያቆርበዋል?» አለኝ። ክፍሉ በሳቅ ተናወጠ። እኔም ሳቅኩ። ማታ ቤት ገብቼ ግን እንቅልፍ እምቢ አለኝ።

ከወር በኋላ ለወጣቶችና ለወላጆች አንድ የጥያቄ ምሽት አዘጋጀን። ጥያቄው በብጣሽ ወረቀት እየተጻፈ በባዶ የብስኩት ካርቶን ተሰበሰበ። ገና ሦስቱን እንደመለስኩ መብራት ሄደ። የቀረውን በስልክ መብራት ትንሽ ሞከርን፣ ከዚያ ሰዉም ደከመው። ካርቶኑን ይዤ ቤት ገባሁ። እነሆ መልሱ፣ የዚያን ምሽቱንም ጨምሬ።

እኔ ቄስ አይደለሁም። የፊዚክስ መምህር ነኝ፣ ነገረ መለኮት በማታው ተምሬያለሁ። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የሆነውንና የራሴ ግምት የሆነውን ለይቼ እናገራለሁ። ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ሳታዞር ንገረን፣ ሌላ ዓለም ላይ የሚኖሩ ፍጡራን አሉ ወይስ የሉም?

እስከ ዛሬ አንድም አልተገኘም። ባክቴሪያ እንኳን አልተገኘም።

ቦታው ግን ሞልቷል። ፀሐያችንን የሚመስል ኮከብ የምትዞር ፕላኔት መጀመሪያ የተገኘችው በ1995 ነው። ያገኟት ሚሼል ማዮርና ዲዲየ ኬሎ በ2019 ኖቤል ተሸለሙ። ዛሬ የተረጋገጡት ከ5,000 በላይ ናቸው። የኛ ጋላክሲ ብቻ ቢያንስ 100 ቢሊዮን ኮከብ አለው።

በ1960 ፍራንክ ድሬክ የሚባል አሜሪካዊ የሬዲዮ ቴሌስኮፑን ወደ ሁለት ኮከቦች አዙሮ ማዳመጥ ጀመረ። ከዚያ ወዲህ ብዙዎች አዳምጠዋል። ዝም ነው። የፊዚክስ ሊቁ ኤንሪኮ ፌርሚ በ1950 ምሳ እየበላ «ታዲያ የት አሉ?» ብሎ ጠየቀ ይባላል። ጥያቄው እስካሁን እንዳለ ነው።

ቢኖሩስ እንገናኛለን? ከፀሐይ ቀጥሎ ለኛ ቅርብ የሆነው ኮከብ ከአራት የብርሃን ዓመት (ብርሃን በአራት ዓመት ከሚጓዘው ርቀት) በላይ ይርቃል። በ1977 የተላከችው የጠፈር መንኮራኩር ቮያጀር 1 በሰከንድ 17 ኪሎ ሜትር ትበራለች። ያን ያህል ርቀት ለመጨረስ ከ70,000 ዓመት በላይ ያስፈልጋታል። ስለዚህ እንግዳ ይመጣል ብላችሁ ቡና አታፍሉ።

ጥያቄ፦ ኦሪት ዘፍጥረት ላይ አልተጻፉም። ስለዚህ የሉም። ለምን ጊዜ እናጠፋለን?

ወንድሜ፣ ድንችም አልተጻፈም። በጾም ግን እየበላነው ነው።

ቀልዱን ልተወውና፣ ዘፍጥረት ምዕራፍ አንድን እንደገና አንብበው። መላእክት በየትኛው ቀን ተፈጠሩ ይላል? አይልም። እሑድ ተፈጠሩ ብለን የምናስተምረው ከመጽሐፈ ኩፋሌና ስለ ሥነ ፍጥረት ከሚናገረው ከአክሲማሮስ ይዘን ነው። ከሰው በፊት የነበሩ፣ የሚያስቡ፣ የሚናገሩ፣ ቁጥራቸው የበዛ ፍጥረታት የፍጥረት ታሪኩ ላይ በስም አልተጠሩም። ዝም ማለት መካድ አይደለም። ይህን ያዝልኝ፣ መላእክትን በኋላ ደጋግሜ አነሳቸዋለሁ።

አንዳንዱ ኢሳይያስ 45፥18ን ይጠቅሳል። እግዚአብሔር ምድርን መኖሪያ ልትሆን ሠራት እንጂ ለከንቱ አልፈጠራትም ይላል። አንዱ ወገን «እንግዲያው ሰው ያለው ምድር ላይ ብቻ ነው» ይልበታል። ሌላው ወገን ያንኑ ጥቅስ ይዞ «እግዚአብሔር በከንቱ የማይፈጥር ከሆነ ሌሎቹም ዓለማት ባዶ አይሆኑም» ይላል። ጥቅሱ ስለ ምድር ነው የሚናገረው። ለሁለቱም አይበቃም።

ጥያቄ፦ የቀደሙ አባቶች ስለዚህ ነገር አስበው ያውቃሉ?

ስለ ሌላ ፕላኔት ብዙም አላሰቡም። ስለ ሌላ ሰው ግን አስበዋል። ይህቺን ታሪክ እወዳታለሁ፣ ትንሽ ልቆይባት።

በአምስተኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ አንድ ወሬ ነበር። ምድር ክብ ከሆነች ከእግራችን በታች፣ በወዲያኛው ፊት፣ እግራቸውን ወደ እግራችን ያደረጉ ሰዎች ይኖራሉ የሚል። የሰሜን አፍሪካው ጳጳስ አውግስጢኖስ ይህን አልተቀበለም። ምክንያቱን እዩልኝ። ሰው ሁሉ ከአዳም ነው። በመካከል ትልቅ ውቅያኖስ አለ። ያንን ተሻግሮ የሚሄድ የለም። ስለዚህ በዚያ ወገን የአዳም ልጅ ሊኖር አይችልም።

አያያዙ ጥሩ ነው። አንዷ መነሻ ግን ስህተት ነበረች። ውቅያኖሱን መሻገር ይቻላል! ሰዎቹም ነበሩ፣ ከአዳምም ነበሩ። አውሮፓውያን አሜሪካ ሲደርሱ «እነዚህ በእርግጥ ሰዎች ናቸው ወይ? ነፍስ አላቸው?» እስከ መባባል ደረሱ። በ1537 የሮማው ጳጳስ ጳውሎስ ሣልሳዊ ደብዳቤ ጽፈው አዎ ሰዎች ናቸው፣ ነጻነታቸውና ንብረታቸው ሊነጠቅ አይገባም ማለት ነበረባቸው። ደብዳቤው መጻፍ ማስፈለጉ ራሱ ያሳዝናል።

እዚያው አውግስጢኖስ ጋ ግን ሌላ ነገር አለ። በዘመኑ አንድ ዓይን ያላቸው፣ ራስ የሌላቸው ሰዎች ሩቅ አገር አሉ ይባል ነበር። እሱ ምን አለ? ወሬው እውነት መሆኑን አላውቅም፣ ነገር ግን የሚያስብና የሚሞት ሰው ሆኖ የተወለደ ማንም ቢሆን፣ መልኩና ድምፁ የቱንም ያህል እንግዳ ቢሆንብን ከአዳም መሆኑን አንጠራጠር አለ። መልኩን አትዩ ማለቱ ነው። አንዱን ጥያቄ ተሳስቶ፣ ከጎኑ ያለውን በትክክል የመለሰ ሰው።

ጥያቄ፦ ቤተ ክርስቲያን «ብዙ ዓለማት አሉ» ያለውን ሰው አላቃጠለችም እንዴ?

ጆርዳኖ ብሩኖን ነው። የካቲት 17 ቀን 1600 ሮም ላይ በእሳት ተቃጠለ። ማንም ሰው በእምነቱ መቃጠል አልነበረበትም፣ ይህን ለማለት አላመነታም። ነገር ግን «ኤሊየን አለ ስላለ ተቃጠለ» ማለት ታሪኩን መቁረጥ ነው። ክሱ ላይ ሥላሴን፣ የክርስቶስን አምላክነት፣ ቁርባንን መካድ ነበረበት። ስለ ዓለማት ብዛት ያለውም አብሮ ተነሥቷል።

ከብሩኖ 160 ዓመት በፊት፣ በ1440፣ ኒኮላስ ዘኩሳ የሚባል ጀርመናዊ በሌሎች ከዋክብት ላይ ነዋሪ ሊኖር ይችላል ብሎ በግልጽ ጽፎ ነበር። እሱን ማንም አላቃጠለውም። ካርዲናል አደረጉት።

ከዚያም ቀደም ብሎ፣ በ1277፣ የፓሪሱ ኤጲስ ቆጶስ 219 አባባሎችን አወገዘ። ከተወገዙት አንዱ «እግዚአብሔር ከአንድ በላይ ዓለም መፍጠር አይችልም» የሚለው ነበር። በዚያ ዘመን «ዓለም» ሲባል ሰማይና ምድርን የያዘው ሙሉው ነገር ነው፣ እንደኛ ፕላኔት ማለት አልነበረም። ቢሆንም «አይችልም» ማለት ተከለከለ። ልብ በሉ፣ አለ አላሉም። አይችልም አትበሉ ነው ያሉት። እኔም ከዚህ ብዙ ርቄ መሄድ አልፈልግም።

ጥያቄ፦ ቢኖሩ ክርስቶስ ለእነርሱም ሞቷል? ወይስ ሌላ ቦታ ሄዶ እንደገና ይሞታል?

የወረቀቶቹ ሁሉ እናት ይህቺ ናት። በተለያየ እጅ ጽሑፍ ከአሥር ጊዜ በላይ አገኘኋት።

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ቮሪሎን የሚባል ፈረንሳዊ መነኩሴ ነበር፣ በ1463 ያረፈ። ሌላ ዓለም ላይ ሰዎች ቢኖሩ ብሎ ራሱን ጠየቀ። ከአዳም ስላልተወለዱ በአዳም ኃጢአት ሥር አይሆኑም አለ። የክርስቶስ ሞትስ ያድናቸዋል? ዓለማቱ ቍጥር ስፍር ባይኖራቸውም ይበቃል አለ። ሌላ ዓለም ሄዶ ሊሞት ግን አይገባውም።

የሉተር ወዳጅ ሜላንክተን በ1549 ከዚህም ጠንከር አለ። ክርስቶስ እዚህ ተወለደ፣ እዚህ ሞተ፣ እዚህ ተነሣ፤ ደጋግሞ የሚሞትባቸውን ዓለማት ማሰብ የለብንም አለ። በ1794 ደግሞ ክርስትናን የሚተቸው ጸሐፊ ቶማስ ፔይን ይህንኑ ገልብጦ ለማሾፍ ተጠቀመበት። ዓለማት ብዙ ከሆኑ የእግዚአብሔር ልጅ ከዓለም ዓለም እየዞረ ከመሞት በቀር ሥራ አይኖረውም ማለት ነው ብሎ ሳቀ። ክርስትናና የከዋክብት ብዛት አብረው አይሄዱም ነው የሱ ነጥብ።

ለፔይን ዓይነቱ ሳቅ መልስ ከሰጡት የታወቀው ስኮትላንዳዊው ሰባኪ ቶማስ ቻልመርስ ነው። በግላስጎው የሰበካቸው ስብከቶች በ1817 ታተሙ። መቶ በግ ያለውን ሰው ምሳሌ አነሣ። አንዱ ቢጠፋ ዘጠና ዘጠኙን ትቶ ይሄዳል። እኛ የጠፋነው አንዱ ብንሆንስ? የዓለማት ብዛት እኛን ትንሽ አያደርገንም፣ የፍቅሩን ትልቅነት ነው የሚያሳየው አለ።

እዚህ ላይ ሳነብ ቁጭ ብዬ ነበር፣ ተነሣሁ። ይህን ትርጓሜ እኮ እኛ እናውቀዋለን! ሊቃውንቶቻችን ዘጠና ዘጠኙ በጎች ነገደ መላእክት ናቸው፣ የጠፋው አንዱ አዳም ነው ይላሉ። መላእክት መቶ ነገድ ነበሩ፣ የሳጥናኤል ነገድ ሲወድቅ ዘጠና ዘጠኝ ቀሩ፣ መቶኛው አዳም ሆነ። ቻልመርስ ቴሌስኮፕ አይቶ የደረሰበት ቦታ የኛ የቅኔና የትርጓሜ መምህር ዛፍ ሥር ተቀምጦ ደርሶበታል።

መላእክትን ያዙልኝ ያልኩት ለዚህ ነው። የሚያስብና የሚናገር፣ ሰው ያልሆነ ፍጥረት ለክርስትና እንግዳ አይደለም። ከመጀመሪያው አብሮን አለ። ያልወደቁት መላእክት ቤዛ አላስፈለጋቸውም። የወደቁት ደግሞ አልተቤዡም። ዕብራውያን 2፥16 «የአብርሃምን ዘር ይዞአል እንጂ የያዘው የመላእክትን አይደለም» ይላል። ሰው ወደቀ፣ ተቤዠ። እንግዲህ በገዛ ሃይማኖታችን ውስጥ ሦስት ዓይነት ታሪክ አለ። ሌላ ዓለም ላይ ያለ ፍጡር የትኛው ታሪክ ይኖረው ይሆን? ምናልባት አራተኛ። እሱን የሚያውቀው የፈጠረው ነው።

ቤዛ አስፈልጓቸው ከሆነ ደግሞ ቆላስይስ 1፥20 አለ። በመስቀሉ ደም በምድርም በሰማያትም ያሉትን ሁሉ አስታረቀ ይላል። «ሁሉ» የሚለው ቃል ሰፊ ነው። እኔ አላጠብበውም።

ጥያቄ፦ ግን «ያልነሣውን አላዳነውም» ይባላል። የሰውን ሥጋ ብቻ ከነሣ ሌላው እንዴት ይድናል? (ጠያቂው የነገረ መለኮት ተማሪ መሆኑ ያስታውቃል)

ያስታውቃል፣ አዎ። ጥሩ ጥያቄ ነው።

ቃሉ የአራተኛው መቶ ዓመት አባት የጎርጎርዮስ ዘእንዚናዙ ነው። የጻፈው አቡሊናርዮስን ሲቃወም ነው። አቡሊናርዮስ ክርስቶስ የሰው ልቡና የለውም አለ። ጎርጎርዮስ «ልቡናችንን ካልነሣ ልቡናችን አልዳነም» አለው። ክርክሩ ክርስቶስ ሙሉ ሰው ነው ወይ የሚል ነው። ያንን ቃል አንሥቶ ማርስ ላይ መጣል ካባን ለሌላ ሰው ልክ እንደመስፋት ነው። ትከሻው አይመጣም።

ቢሆንም ሐሳቡ አንዳንዶችን ወደ «ብዙ ሥጋዌ» (አምላክ ከአንድ ጊዜ በላይ ሥጋ መሆን) ወስዷል። ቶማስ አኵዊናስ በ13ኛው መቶ ዓመት አንድ መለኮታዊ አካል ከአንድ በላይ የሰው ባሕርይ መዋሐድ ይችላል ወይ ብሎ ጠይቆ ይችላል ብሏል፣ ኃይሉ አይወሰንምና። በ20ኛው መቶ ዓመት ሁለት እንግሊዛውያን በዚህ ተለያዩ። ሚልን የተባለው የሂሳብ ሊቅ፣ በ1952 በወጣ መጽሐፉ፣ ሥጋዌ አንድ ጊዜ ብቻ ነው አለ። ታዲያ ሌሎቹ እንዴት ይስሙ? በሬዲዮ! ምልክት እየላክን ወንጌሉን እንነግራቸዋለን። (መልእክት ተልኮ መልስ እስኪመጣ የስንት ትውልድ ሰባኪ ያልፋል የሚለውን አልተጨነቀበትም መሰለኝ።) ማስካል የተባለው የአንግሊካን ካህን በ1956 መለሰለት። ድኅነት ወሬ መስማት ብቻ አይደለም፣ ባሕርይ መዋሐድ ነው፤ ስለዚህ ብዙ ሥጋዌ ቢኖር የሚከለክል የለም አለ።

የኔን ከጠየቃችሁኝ በዚህ ማስካልን አልከተልም። ምክንያቴ ተዋሕዶ ነው። ቃል ሥጋ የሆነው ልብስ እንደሚቀይር ሰው አይደለም። ለብሶ አያወልቅም። ያንን ሥጋ ይዞ ተነሣ፣ ይዞ ዐረገ፣ ዛሬም በአብ ቀኝ ያለው በዚያው ነው። ቅዳሴው «መለኮቱ ከትስብእቱ (ከሰውነቱ) ለቅጽበተ ዓይን እንኳ አልተለየም» ይላል። ብዙ ሥጋዌ የሚሉ ሰዎች ሳያስቡት አምላክን እንደ ተዋናይ በየመድረኩ ልብስ እያስቀየሩት እንዳይሆን እፈራለሁ። ሮሜ 6፥9 ደግሞ ከእንግዲህ ወዲህ አይሞትም ይላል። ይህ ግምቴ ነው፣ ሲኖዶስ የወሰነበት ነገር አይደለም። ተማሪው ካልተስማማህ ና፣ ሻይ እጋብዝሃለሁ።

ጥያቄ፦ በእግዚአብሔር መልክ የተፈጠረው ሰው ብቻ ነው። ታዲያ እነርሱ እንስሳ ናቸው?

ሁለት እጅና ሁለት ዓይን ይዘን «በመልኩ» የተባልን አይደለንም። እግዚአብሔር እጅ የለውም። ነፍሳችን ልባዊት፣ ነባቢት፣ ሕያዊት ናት እንላለን። ታስባለች፣ ትናገራለች፣ ትኖራለች። በዚህ ነው ሥላሴን በምሳሌ የምትመስለው። እንግዲህ የሚያስብ፣ የሚናገር፣ የሚወድ፣ «አይሆንም» ማለት የሚችል ፍጡር ብታገኝ፣ ስምንት እግር ቢኖረውም እንኳ፣ እንስሳ ለማለት እቸኩል ይሆን? አውሮፓውያን አሜሪካ ላይ ያገኟቸውን ሰዎች ታሪክ አሁን ነግሬሃለሁ።

ጥያቄ፦ መጽሐፈ ሄኖክ ላይ ከሰማይ የወረዱት፣ ትጉሃን የሚባሉት፣ ኤሊየን ናቸው። ዩቲዩብ ላይ አይቻለሁ።

እኔም አይቻለሁ። ሙዚቃው ያስፈራል።

መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉው የተረፈው በግእዝ ብቻ ነው። ሌላ ቦታ ቁርጥራጭ ነው ያለው። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1773 ቅጂዎቹን ይዞ አውሮፓ እስኪገባ እዚያ መጽሐፉ እንደጠፋ ነበር። ስለዚህ ስለ ሄኖክ ሲወራ ቢያንስ የኛን መምህራን መጠየቅ ያባት ነው። ታሪኩ ሁለት መቶ ሆነው አርሞን ተራራ ላይ ወረዱ፣ የሰዎችን ሴቶች ልጆች አገቡ ይላል። የኛ መምህራን እነዚህን ደቂቀ ሴት (የአዳም ልጅ የሴት ዘሮች) ናቸው ብለው ይተረጕማሉ። በደብር ቅዱስ በንጽሕና እንደ መላእክት ይኖሩ የነበሩ፣ ወደ ቃየን ልጆች የወረዱ። ወደ ታች የወረዱት ከተራራ ነው ማለት ነው። መላእክት ናቸው የሚል ጥንታዊ ንባብም አለ። በየትኛውም ንባብ ቢሆን የጠፈር መርከብ የለበትም።

የሚገርመው ግን ሰዎች የሄኖክን እውነተኛ የሰማይ ክፍል አያነቡትም። ከምዕራፍ 72 ጀምሮ ቅዱስ ኡራኤል ፀሐይ የምትወጣባቸውን ስድስት በሮችና የምትገባባቸውን ስድስት በሮች ያሳየዋል። ቀን እንዴት እንደሚረዝምና እንደሚያጥር በክፍልፋይ ይቆጥርለታል። እዚያ ያለው ሰማይ ሥርዓት ያለው፣ የሚቆጠር ሰማይ ነው። ዩቲዩቡ ይህንን ዘለለው።

ጥያቄ፦ ዩፎ አጋንንት ናቸው የሚል ስብከት ሰምቻለሁ።

አጋንንት መኖራቸውን አምናለሁ። በሰማይ ላይ የሚታይ ያልታወቀ ብርሃን ሁሉ አጋንንት ነው ማለት ግን ሌላ ነገር ነው። አብዛኛው ፊኛ፣ ድሮን፣ ሳተላይት ወይም ቬነስ ሆኖ ይገኛል። ናሳ ያቋቋመው ገለልተኛ ቡድን በ2023 ባወጣው ሪፖርት እነዚህ ነገሮች ከሌላ ዓለም ስለመምጣታቸው ማስረጃ አላገኘሁም ብሏል። እኔ ራሴ አንድ ሌሊት በመስመር የሚሄዱ ብርሃናት አይቼ አማትቤያለሁ። የስታርሊንክ ሳተላይቶች ነበሩ።

ጥያቄ፦ መጥተው «አጥምቁን» ቢሉስ?

ይህን የሮማው ጳጳስ ፍራንሲስ በግንቦት 2014 በጠዋት ስብከታቸው አንሥተውታል። ልጆች እንደሚስሏቸው ረጅም አፍንጫና ትልቅ ጆሮ ያላቸው ማርሳውያን መጥተው አንዱ መጠመቅ እፈልጋለሁ ቢል ምን ይሆናል ብለው ጠየቁ። ጋዜጦች «ጳጳሱ ኤሊየን አጠምቃለሁ አሉ» ብለው ጻፉ። እሳቸው የሚያስተምሩት ግን የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 11ን ነበር። ጴጥሮስ ያልተገረዘውን ቆርኔሌዎስን አጥምቆ ኢየሩሳሌም ሲመለስ ተቆጡት። እሱም «እግዚአብሔርን ለመከልከል እችል ዘንድ እኔ ማን ነበርሁ?» አለ።

የቫቲካን ኦብዘርቫቶሪ ሲመሩ የነበሩት ወንድም ጋይ ኮንሶልማኞም ተመሳሳይ ጥያቄ ሲጠየቁ «ከጠየቀች ብቻ» ብለው ይመልሳሉ።

በኛ በኩል ትንሽ ይከብዳል። ጥምቀት የክርስቶስ ሞትና ትንሣኤ ተካፋይ የሚያደርግ የሰው ልጅ ምሥጢር ነው። መልአክን አናጠምቅም። ስለዚህ አባቶች መጀመሪያ «ወድቃችኋል ወይ? ታሪካችሁ ምንድን ነው?» ብለው ይጠይቃሉ ብዬ እገምታለሁ። ከዚያ ረጅም ጉባኤ። በጣም ረጅም።

ጥያቄ፦ ቢገኙ ሃይማኖት አይፈርስም?

ቴድ ፒተርስ የተባለ የሉተራን ሊቅ ከ1,300 በላይ ሰዎችን ጠይቆ ነበር። አማኞቹ በብዛት «የኔ እምነት አይናወጥም» አሉ። ሃይማኖት የሌላቸው ደግሞ «የአማኞቹ ይናወጣል» ብለው ገመቱ። የሌላውን ሰው እምነት ደካማ አድርጎ ማየት ቀላል ነው።

ጥያቄ፦ ዳሎል ላይ ማርስን ይመስላል ብለው የሚያጠኑት ምን አግኝተው ነው?

ይህቺን የጻፈው የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ነው፣ ስሙን ጽፎ ሰርዞታል። ዳሎል አፋር ውስጥ፣ ከባሕር ጠለል ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ብሎ ያለ ቦታ ነው። ውሃው ቢጫና አረንጓዴ ነው፣ ይፈላል፣ ጨው ነው፣ አሲዱ ከባትሪ አሲድ ጋር የሚወዳደር ነው። በ2019 አንድ ቡድን እዚያ በጣም ጥቃቅን ሕያዋን አገኘሁ አለ። በዚያው ዓመት ሌላ ቡድን አሲዱና ጨው አንድ ላይ በበረቱባቸው ኩሬዎች ሕይወት የለም አለ። ውሃ ስላለ ብቻ ሕይወት አለ ማለት እንዳልሆነ አሳየን አሉ።

እዚሁ አገራችን፣ እጃችንን ልንነክርበት በምንችልበት ኩሬ (አትንከሩ!) ሕይወት አለ የለም ተብሎ ሊቃውንት ተከራከሩ። የ124 የብርሃን ዓመት ርቀት ላይ ያለች ፕላኔት የሕይወት ምልክት ሊሆን የሚችል ጋዝ ታይቶባታል ሲባል ዜናውን በጥርጣሬ የማየው ለዚህ ነው።

ጥያቄ፦ እኛ ብቻ ከሆንን ይህን ሁሉ ባዶ ቦታ ለምን ፈጠረው? (እናቴ ናት የጻፈችው፣ እጇን አውቀዋለሁ)

እማዬ፣ አንድ የገና ሌሊት ገጠር ማኅሌት ቆመን ነበር። ትዝ ይልሻል? ወደ ዘጠኝ ሰዓት ሌሊት ላይ አየር ልቀበል ወጣሁ። መንደሩ መብራት የለውም። ከኋላዬ ከበሮው ይመታል፣ ጸናጽሉ ይሰማል። ቀና ስል ሰማዩ ከጥግ እስከ ጥግ ነጭ ነው። አንድ አዛውንት ጋቢያቸውን ተከናንበው አጠገቤ ቆመዋል። «የሚያስፈልገን አንዲት ጨረቃ ነበረች፣ እሱ ግን ስስት አያውቅም» አሉኝና ተመልሰው ገቡ።

ከዚያ የተሻለ መልስ መጽሐፍ ላይ አላገኘሁም። ዳዊት መዝሙር 8 ላይ ሰማዩን አይቶ «ታስበው ዘንድ ሰው ምንድር ነው?» ያለው ቴሌስኮፕ ሳይኖረው ነው። ቦታው ባዶ ቢሆንም ባይሆንም ጥያቄው ያው ነው።

ጥያቄ፦ እነርሱም ይጾማሉ?

የመጨረሻዋ ወረቀት ይህቺ ናት። ጽሑፉ ትልልቅና ጠማማ ነው። የዚያው የስምንት ዓመት ልጅ ሳይሆን አይቀርም።

ማርስ ላይ እንበል። የማርስ ቀን ከኛ በ40 ደቂቃ ገደማ ይረዝማል፣ ይህ ችግር የለውም፣ ምሳ ትንሽ ይዘገያል። ዓመቱ ግን 687 የምድር ቀን ነው። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በዓመት አንዴ ከሆነ ከኛ በግማሽ ያህል ያነሰ ይጾማሉ ማለት ነው፣ ይህ ፍትሐዊ አይመስለኝም።

ዋናው ጣጣ ግን ባሕረ ሐሳቡ፣ የበዓላትና የአጽዋማት ቀን የሚወጣበት ስሌት፣ ነው። የፋሲካን ቀን ለማውጣት አበቅቴና መጥቅዕ የሚባሉ ሁለት ቁጥሮች ያስፈልጋሉ፣ ሁለቱ ሲደመሩ 30 ይሆናሉ፣ ይህ ሁሉ የኛን ጨረቃ ይዞ ነው። ማርስ ሁለት ጨረቃ አላት። አንዷ ፎቦስ ትባላለች። ማርስን ዞራ ለመጨረስ 7 ሰዓት ከ39 ደቂቃ ብቻ ይበቃታል። በምዕራብ ትወጣለች፣ በምሥራቅ ትገባለች። በአንድ ቀን ውስጥ ሦስት «ወር» ያልፋል ማለት ነው።

ልጄ፣ እሑድ ስንገናኝ ደብተርህን ይዘህ ና። የፎቦስን አበቅቴ አብረን እንሞክራለን፣ እኔ ሁለት ጊዜ ሞክሬ ተሳስቻለሁ።